የእንዶድ ተመራማሪው አክሊሉ ለማ፦ የኅትመት ታሪካቸውና ተጠቃሽነታቸው

በሐዲያ ዞን፣ በፎንቆ ከተማና በዙሪያዋ፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ሁሉ፣ እንዶድ ከአጥር ጥግና ከወንዝ ዳር የሚገኝ ተክል ነው። የፋብሪካ ሳሙና በየሱቁ ከመሰራጨቱ በፊት ጋቢና ነጠላ ይነጣ የነበረው በዚሁ ተክል ፍሬ ነው። ኦሮምኛ ተናጋሪው አንዶዴ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሽብጢ ይለዋል። በየሰፈሩ የሚታወቅና በየቤቱ የሚወቀጥ ነገር በመሆኑ፣ ለሳይንስ መጽሔት የሚበቃ ምሥጢር አለው ብሎ የጠረጠረ ሰው ለረጅም ዘመን አልነበረም። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይህን ፍሬ ከማጠቢያ ድንጋይ ወደ ምርምር መጽሔት ያሻገሩት ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ ናቸው።

ስለ ፕሮፌሰር አክሊሉ ሲነገር የሚዘወተረው የግኝቱ ትረካ ነው። ይህ አጭር ጥናት ግን የሕይወታቸውን ታሪክ በሌላ መንገድ፣ ማለትም በኅትመቶቻቸው በኩል ለመከተል ይሞክራል። ምን ጻፉ፣ የት አሳተሙ፣ ማን ጠቀሳቸው፣ ሥራቸውስ በማን ስም ተመዘገበ የሚሉት ጥያቄዎች በዛሬው ጊዜ የእኛም ጥያቄዎች ሆነዋል። የአንድ መምህር የማዕረግ ዕድገት በታወቁ መጽሔቶች ባወጣቸው ጽሑፎች ብዛት በሚመዘንበት ዘመን፣ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መዝገብ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሸሽግ መመርመሩ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ከንቱ ድካም አይሆንም። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

በ1930ዎቹ አጋማሽ የተወለዱት አክሊሉ ለማ ከፍተኛ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአሜሪካ ሲሆን፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። የመጀመሪያው የሙያ ዝንባሌያቸው ከእንዶድም ሆነ ከቢልሃርዚያ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ያጠኑ የነበረው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፉትን የሌሽማንያ ጥገኛ ተውሳኮች ነው፤ እነዚህ ተውሳኮች በአገራችን ቁንጭርና ካላዛር የሚባሉትን በሽታዎች ያስከትላሉ። በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንሱ ተመራማሪ ከሺለር ጋር ሆነው ኤክስፔሪመንታል ፓራሲቶሎጂ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጽሑፍ፣ በሰው አካል ሕዋስ ውስጥ የሚኖረውን የሌሽማንያ ቅርጽ ከሕዋስ ውጭ ማሳደግ ስለሚቻልበት መንገድ የሚያትት ነበር። ተውሳኩ በዝንቡ ሆድ ውስጥ ሲሆን ጭራ አለው፤ ወደ ሰው ሕዋስ ሲገባ ግን ክብ ቅርጽ ይይዛል። ይህን ሁለተኛውን ቅርጽ ያለ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ማኖር ለኋለኞቹ ተመራማሪዎች አስፈላጊ መሠረት ስለነበር፣ ጽሑፉ በዘርፉ ባለሙያዎች ዘንድ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ ኖሯል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። አክሊሉ ለማ ገና ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት፣ በዓለም አቀፍ መጽሔት፣ በታወቀ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ፣ ከታወቀ ባለሙያ ጋር የታተመ ሥራ ነበራቸው። ያንኑ መንገድ ቢከተሉ ኖሮ የኅትመት መዝገባቸው ሳይደናቀፍ ያድግ እንደነበር መገመት አያስቸግርም። በዚያው በ1964 ግን ሥራቸውን ወደ ሌላ አቅጣጫ የወሰደ ነገር በዓድዋ አጋጠማቸው።

ቢልሃርዚያ የውኃ ዳር በሽታ ነው። ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር የሚወጣው የትሉ ዕንቁላል ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈልና በተወሰኑ የቀንድ አውጣ ዝርያዎች አካል ውስጥ ይራባል። ከቀንድ አውጣው የሚወጡት እጮች ደግሞ ውኃ የሚቀዳውን፣ የሚታጠበውን ወይም የሚዋኘውን ሰው ቆዳ በስተው ይገባሉ። በሽታው ጉበትንና አንጀትን ይጎዳል፤ አልፎ አልፎም የትሉ ዕንቁላል ወደ ሕብለ ሰረሰር ደርሶ እግርን እስከ ማስነከስ ይደርሳል። በዚያን ጊዜ የተጠቂው ቁጥር በዓለም 200 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመት ነበር። ቀንድ አውጣው ከሌለ ትሉ ዑደቱን ሊጨርስ አይችልም። ስለዚህ ከበሽታው መከላከያ መንገዶች አንዱ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ነው፤ ለዚህ ሥራ በኢንዱስትሪ ይመረት የነበረው ኬሚካል ግን በውጭ ምንዛሪ የሚገዛና ለድሃ አገር ከአቅም በላይ የሆነ ነበር።

ወጣቱ ተመራማሪ ወደ ዓድዋ የሄዱት በወንዞቹ ያሉትን ቀንድ አውጣዎች ለማጥናት ነው። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ፣ ከላይኛው ይልቅ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋሉ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከማጠቢያው አረፋ ጥቂት አስጨመሩበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚያ በኋላ በቤተ ሙከራ የተደረጉት ሙከራዎች እንዳሳዩት፣ ደርቆ የተፈጨው ፍሬ ከአንድ ሚሊዮን ክፍል ውኃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ክፍል ገደማ ብቻ ሲሆን በአንድ ቀን ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹን ይገድላል። ይህን ግኝት ዕድል ብቻ ያመጣው አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ ከማጠቢያው በላይና በታች ያለውን ውኃ አነጻጽሮ ማየት የሠለጠነ ዓይን ሥራ ነው፤ ሴቶቹን ጠጋ ብሎ ስለሚያጥቡበት ነገር መጠየቅ ደግሞ፣ ከባሕር ማዶ ዶክትሬት ይዞ ለመጣ ሰው በዚያ ዘመን የተለመደ አልነበረም።

ግኝቱ በኅትመት የወጣው በ1965 ሲሆን፣ የወጣበትም መጽሔት ከሦስት ዓመት በፊት ማለትም በ1962 መታተም የጀመረው የኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ነው። ጽሑፉ የመጀመሪያ ደረጃ ዘገባ መሆኑን በርእሱ የሚያሳውቅ፣ ጥቂት ገጾች ብቻ ያሉት አጭር ሥራ ነበር። ለምን በአገር ውስጥ መጽሔት? በኤክስፔሪመንታል ፓራሲቶሎጂ ያሳተመ ሰው ለሌላ የውጭ መጽሔት መላክ ያቅተው ነበር ማለት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት፣ ጉዳዩ አስቀድሞ የሚመለከታቸው በአገር ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች ስለነበሩ ነው የሚል ነው። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ዋጋም አስከፍሏል። በዚያው ዘመን፣ በ1964፣ ዩጂን ጋርፊልድ በፊላደልፊያ የሳይንስ ተጠቃሽነት ማውጫን ለገበያ አውጥቶ ነበር። ይህ ማውጫ መጀመሪያ 600 ገደማ መጽሔቶችን ብቻ፣ እነርሱንም በአመዛኙ ከሰሜን አሜሪካና ከአውሮፓ መርጦ የሚከታተል ነበር። የአንድ ጽሑፍ ተጽዕኖ በሌሎች ጽሑፎች በመጠቀሱ ልክ ይለካል የሚለው ሐሳብ መስፋፋት የጀመረው፣ የእንዶድ የመጀመሪያ ዘገባ በአዲስ አበባ በታተመበት ወራት መሆኑ የሚያስገርም አጋጣሚ ነው። ማውጫው የሚያየው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነበር።

በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም መሥራቹና ዳይሬክተሩ አክሊሉ ለማ ሆኑ። ለአሥር ዓመት ያህል የቆየው ይህ ኃላፊነት የኅትመት መዝገባቸው በይዘት የሰፋበት ጊዜ ነው። የቀድሞውን የሌሽማንያ ጥናታቸውን አልተዉም፤ በ1969 ከአገር ውስጥና ከእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጋር በመሆን ስለ ቁንጭር ሥርጭት በኢትዮጵያ ያወጡት ጽሑፍ የተከታታይ ጥናቶች መጀመሪያ ሆኗል። ከአንባቢ አንጻር ካየነው ግን ትልቁ እርምጃ በ1970 የመጣው ነው። በዚያ ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት ቡለቲን በተባለው መጽሔት፣ ስለ እንዶድ ቀንድ አውጣ ገዳይነት በቤተ ሙከራና በመስክ ያደረጉትን ግምገማ በ16 ገጾች ብቻቸውን አሳተሙ። ስለ እንዶድ የሚጽፍ ማንኛውም ሰው ከዚያ ወዲህ በዋቢነት የሚያስቀድመው ይህንን ጽሑፍ ነው። የ1965ቱን አጭር ዘገባ ስንቶቹ ጠቃሾች በእጃቸው ይዘው እንዳነበቡት መጠራጠር ይቻላል። የቡለቲኑ ጽሑፍ ግን በየአገሩ የጤና ቤተ መጻሕፍት ይገኝ ነበር።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ የኬሚስቶች ነው። የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ሳፖኒን በሚባሉት አረፋ ሰጭ ንጥረ ነገሮቹ ነው። እነዚህን ነጥሎ መዋቅራቸውን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአዲስ አበባ ስላልነበረ፣ ሥራው በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ተካሄደ። ሮበርት ፓርክኸርስትና ባልደረቦቹ በ1973ና በ1974 ተከታታይ ጽሑፎችን አወጡ፤ አንዱ በፋይቶኬሚስትሪ፣ ሌላው በሕንድ የኬሚስትሪ መጽሔት፣ ሦስተኛው በካናዳ የኬሚስትሪ መጽሔት ታተመ። ከተነጠሉት ንጥረ ነገሮች ለአንዱ ለማቶክሲን የሚል ስም ሰጡት፤ ለአክሊሉ ለማ ክብር መሆኑ ነው። በዚያው ሰሞን ከዚሁ ተቋም የወጣ ሌላ ጽሑፍ የእንዶድን ንጥረ ነገር የወንድ ዘርን ከመግደል ችሎታው አንጻር መርምሮ፣ ስለ ወሊድ መከላከያ በሚታተም መጽሔት ላይ ወጣ።

በእነዚህ ጽሑፎች የደራሲያን መደዳ የሚሰፍረው የኬሚስቶቹ ስም ነው። ይህን የሚቆጥር ሰው ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን በአንድነት ያያል። የኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ስም በንጥረ ነገሩ ላይ ለዘለዓለም ታትሟል፤ በደራሲነት ረድፍ ግን የለም። ከዚያ በኋላ ስለ ለማቶክሲን የሚጽፍ ኬሚስት ስሙን በእያንዳንዱ ገጽ እየጠራ፣ በዋቢ ዝርዝሩ ግን ፓርክኸርስትን ብቻ ሊጠቅስ ይችላል። ይህ የማንም ተንኮል ውጤት ነው ለማለት አያስደፍርም፤ ኬሚስቶቹ የሠሩት ሥራ የራሳቸው ነውና። ቢሆንም የተጠቃሽነት ቁጥር የሰውን ድርሻ ሙሉ በሙሉ ይነግረናል ለሚል ሁሉ ይህ ምሳሌ መልስ ይሆናል።

አሁን ከመዝገቡ ሁሉ የከበደውን እንመልከት። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ ከተማ የአምስት ዓመት የመስክ ሙከራ ተካሄደ። በአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ በወንዞቹ ላይ በየጊዜው ይረጭና የነዋሪው የበሽታ መጠን ይመረመር ነበር። በጠቅላላው ሕዝብ 63 በመቶ የነበረው የቢልሃርዚያ ሥርጭት ወደ 34 በመቶ ገደማ ወረደ። የበለጠ ክብደት ያለው ግን የትንንሽ ሕፃናቱ ውጤት ነው፤ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብሏል። አዋቂው ሰው የሚሸከመው ትል ከሙከራው በፊት ከዓመታት ጀምሮ ያገኘው ሊሆን ይችላል። ሙከራው ከተጀመረ በኋላ የተወለደው ሕፃን ግን ያልታመመው በዚያ ጊዜ ወንዙ ስላልበከለው ነው፤ ስለዚህ የሥርጭቱ መቆም የሚታየው በእርሱ ላይ ነው።

ይህ ውጤት ከጎልና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር በጋራ በጀርመን በሚወጣ የትሮፒካል ሕክምና መጽሔት የታተመው በ1983 ነው። ሙከራው ካበቃ ዘጠኝ ዓመት አልፎት ነበር። በ1974 የአገሪቱ ሥርዓት ተለወጠ፤ ብዙም ሳይቆይ አክሊሉ ለማ ኢንስቲትዩቱን ለቅቀው በተባበሩት መንግሥታት ሥራ ያዙ፤ የምርምር ቡድኑም ተበታተነ። ለመዘግየቱ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው። ዓለም ስለ ቢልሃርዚያ መከላከያ ስልት በሚወስንባቸው ዓመታት፣ የእንዶድ ጠንካራው የመስክ ማስረጃ በማንኛውም መጽሔት ሙሉ በሙሉ ተዘርዝሮ አልወጣም ነበር። የቤተ ሙከራ ውጤት ታትሟል፤ የኬሚስትሪው ሥራ ታትሟል፤ በሰው ላይ ያመጣው ለውጥ ግን ሳይታተም ቆየ። ከልዩ ልዩ ሁኔታዎች ጋር የሚታገል ተመራማሪን መውቀስ ተገቢ ባይሆንም፣ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመዝገቡ ውስጥ የሚያየው ትልቁ ክፍተት ይኸው ነው።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ራሳቸው ችግሩን የሚያዩት ከሌላ ወገን ነበር። በኋለኞቹ ጽሑፎቻቸውና ንግግሮቻቸው ደጋግመው ያነሡት ቅሬታ፣ በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በምዕራባውያን ተቋማት እስኪደገም ድረስ እንደ ማስረጃ አይቆጠርም የሚል ነው። የእንዶድን መርዛማነት በሚመለከት ቀድሞ የተደረጉት ምርመራዎች ዓለም አቀፍ እውቅና ባለው የቤተ ሙከራ ሥርዓት አልተሠሩም ተብለው ወደ ጎን ተደርገዋል፤ ያን ሥርዓት የሚያሟላ ቤተ ሙከራ ደግሞ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ ወጪውም ከባድ ነበር። ክርክሩ ክብ ነበር ማለት ይቻላል፦ ማስረጃ ስለሌለ ገንዘብ የለም፤ ገንዘብ ስለሌለ ማስረጃ የለም። አንድ ሕዝብ ለብዙ ትውልድ ልብሱን ያጠበበት ፍሬ፣ በኢንዱስትሪ እንደ ተሠራ አዲስ ኬሚካል ከመጀመሪያው እንዲፈተሽ መጠየቁ አክሊሉን እጅግ ያሳዝናቸው ነበር።

ቅሬታው እውነት ነው፤ ሙሉ ታሪኩ ግን አይደለም። በ1970ዎቹ መጨረሻ ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት መጣ። በአንድ ጊዜ የሚዋጥና ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ይልቅ ደኅንነቱ የተሻለ በመሆኑ የዘርፉን አስተሳሰብ ለወጠው። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ1985 ባወጣው ዘገባ የትኩረቱን ክብደት ሥርጭትን ከማቆም ይልቅ የታመመውን በመድኃኒት ወደ ማከም አዘነበለ። በዚህ ስልት ውስጥ ማንኛውም ቀንድ አውጣ ገዳይ፣ የኢንዱስትሪውም ሆነ የእንዶዱ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያዘ። እንዶድ በአድልዎ ብቻ ወደ ኋላ ቀረ ማለት ይህን ለውጥ መርሳት ይሆናል። የ1983ቱ የዓድዋ ጽሑፍ በ1975 ታትሞ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ግን ክፍት ነው።

ከኢንስቲትዩቱ ከወጡ በኋላ የአክሊሉ ለማ የኅትመት ጠባይ ተለወጠ። መጀመሪያ በተባበሩት መንግሥታት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ጉዳዮች፣ በኋላም በፍሎረንስ ከተማ ባለው የዩኒሴፍ የሕፃናት ዕድገት ማዕከል ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የወጡት ሥራዎቻቸው ከመጽሔት ይልቅ ወደ መጽሐፍና ወደ ጉባኤ ዘገባ ያደላሉ። በ1983 በሉሳካ የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የእንዶድ ዐውደ ጥናት ዘገባ ከሌሎች ጋር አዘጋጅተው አሳተሙ። በ1989 ደግሞ ከፊንላንዱ ፔንቲ ማላስካ ጋር ያዘጋጁት፣ ከረኃብ ባሻገር ስላለችው አፍሪካ የሚናገረውና ለሮም ክለብ የቀረበው መጽሐፍ ወጣ። የዛሬው ዓይነት የማዕረግ ኮሚቴ እነዚህን ሥራዎች ምን ያህል ነጥብ ይሰጣቸው ነበር ብሎ መጠየቅ ያጓጓል። የመጽሔት ጽሑፍ አይደሉምና ብዙ አይሆንም። ነገር ግን በዚህ ዘመን ነበር እንዶድ ከአንድ ሰው ግኝትነት ወጥቶ የብዙ አፍሪካውያን የምርምር ዘርፍ የሆነው። የስዋዚላንዷ ኬሚስት ሊዲያ ማኩቡ በለማቶክሲን ላይ ሠርታለች፤ በዚምባብዌም ተክሉ ተተክሎ ሙከራ ተደርጎበታል።

ይህ እንዲሆን ካስቻሉት ሰዎች አንዱ ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። አክሊሉ ለማ ከአገር ከወጡ በኋላ የእንዶድን ሥራ በአዲስ አበባ ያቆዩት እርሳቸው ናቸው። ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን እያነጻጸሩ፣ በምርትና በገዳይነት ብልጫ ያለውን ቁጥር 44 የተባለውን ዓይነት መርጠዋል። ወደ ሌሎች አገሮች የሄደው ተክል በአብዛኛው ይኸው ነው። የመርዛማነቱን ጥያቄ በተመለከተም፣ ካናዳ የሚገኘው የዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል በሰጠው ድጋፍ የተካሄደው የደኅንነት ግምገማ በ1991 ታትሞ ሲወጣ፣ ከደራሲያኑ መካከል ለገሠ ይገኙበታል። የተክል ባለሙያ ሥራ በባሕርዩ ዘገምተኛ ነው፤ ብዙ ዓመት ተተክሎ፣ ተለቅሞና ተመዝኖ አንድ ሠንጠረዥ ይወጣዋል። በኅትመት ብዛት ቢቆጠር አነስተኛ የሚመስለው የለገሠ ድርሻ ያለዚያ ተክል ሌላው ሁሉ ባልተሠራም ነበር።

በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለሁለቱ በጋራ ተሰጠ። ከሌሎቹ የዚያ ዓመት ተሸላሚዎች መካከል የአገር በቀል ዘርን በማዳን ሥራቸው የታወቁት መላኩ ወረደ ይገኙ ነበር፤ በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን የሳይንስ ሰዎች ስቶክሆልም ላይ ተከበሩ። ሽልማቱ የሚሰጠው በተጠቃሽነት ብዛት አይደለም፤ እንዲያውም የተለመደው መለኪያ የሚያልፋቸውን ሥራዎች ለማክበር የተቋቋመ ነው።

የመጨረሻው ምዕራፍ በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች አካባቢ የተፈጸመ ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የሚባል ትንሽ ባለ ቅርፊት የውኃ እንስሳ ከአውሮፓ በመርከብ መጥቶ የውኃ ቧንቧዎችን ይደፍን ጀመር። አክሊሉ ለማ በኦሃዮ ከሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው እንዶድ ይህን እንስሳ እንደሚገድል አሳዩ፤ በ1993ም በእርሳቸውና በሁለት ባልደረቦቻቸው ፈጣሪነት የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ። ፓተንቱ ግን ከፍተኛ ክርክር አስነሣ። ከኢትዮጵያ ወንዝ ዳር የተገኘ ዕውቀት የአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ሊሆን ይገባልን የሚለው ጥያቄ፣ ስለ ብዝኀ ሕይወት ባለቤትነት በሚደረገው ዓለም አቀፍ ሙግት ውስጥ እንዶድን ተደጋግሞ የሚነሣ ምሳሌ አደረገው። በ1965 የመጀመሪያው ዘገባ ሲታተም ኢትዮጵያ የፓተንት ሕግ አልነበራትም፤ የፈጠራ አዋጅ የወጣው ከ30 ዓመት በኋላ በ1995 ነው። አክሊሉ ለማ ያላቸውን ሁሉ በነጻ አሳትመው ሰጥተዋል፤ ከዚያ ኅትመት የሚተርፋቸው የመጠቀስ መብት ብቻ ነበር።

ፕሮፌሰር አክሊሉ ያረፉት ሚያዝያ 5 ቀን 1997 ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1989 ይሆናል። የአንድን ተመራማሪ ሕይወት በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው የሄርሽ መለኪያ የቀረበው ከስምንት ዓመት በኋላ በ2005 ነው። ዛሬ ያን ቁጥር ለእርሳቸው ለማስላት የሚሞክር ተማሪ ገና በመጀመሪያው እርምጃ የሚገጥመው እንቅፋት አለ፤ እርሱም የስም ጉዳይ ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከራሳችን ስም ቀጥሎ የሚጻፈው የአባታችን ስም ነው። የውጭ መጽሔቶች ግን የኋለኛውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዱታል። ስለዚህ በዓለም አቀፍ ማውጫዎች ውስጥ አክሊሉ የሚባል ተመራማሪ የለም፤ ያለው ለማ፣ ከጎኑም አንድ ፊደል ብቻ ነው። ለማ የሚባል አባት ያላቸውና ስማቸው በዚያው ፊደል የሚጀምር ሌሎች ኢትዮጵያውያን ደራሲያን ሁሉ ከእርሳቸው ጋር ይደባለቃሉ። ለገሠም በወልደ ዮሐንስ ስም ሥር ይፈለጋሉ። አንዳንድ የአገር ውስጥ ጽሑፎች ደግሞ አክሊሉ ብለው ስለሚጠቅሱ፣ የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ስም ተከፍሎ ይቆጠራል። ለማቶክሲንም ቢሆን፣ በእኛ ልማድ ብንመዝነው፣ የተሰየመው በልጁ ሳይሆን በአባቱ በአቶ ለማ ስም ነው።

ሙሉ ስማቸው ሳይከፈል የሚገኝበት አንድ ቦታ አለ። የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ይጠራል። ስለ ወባ፣ ስለ ሆድ ትላትል፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ ወይም ስለ ሌሽማንያ ከዚያ የሚወጣ ማንኛውም ጽሑፍ፣ ከደራሲያኑ ስም በታች ባለው የአድራሻ መስመር የራሳቸውንና የአባታቸውን ስም አንድ ላይ ይዞ ይታተማል። የአድራሻን መስመር ግን የተጠቃሽነት ማውጫዎች በጥቅስነት አይቆጥሩትም።